የውሻችን ጾምና ፍስክ

ውሻችን መቻል ይባላል። ስሙን ያወጡለት ከእኛ ጋር የሚኖሩት አክስቴ እማሆይ ናቸው። ቡችላው በጫማ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ወደ ቤታችን በመጣበት ሰሞን፣ እማሆይ ከአጥር ተጋሪ ጎረቤታችን ጋር በዝናብ ውሃ መውረጃ ምክንያት ተቀያይመው ስለ ነበርና ቆባቸውም አፍ ለአፍ ከመመላለስ ስለ ከለከላቸው፣ ማታ ማታ ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው «መቻል! ኧረ መቻል! ና እስቲ መቻል!» እያሉ በመጣራት የልባቸውን ለጎረቤቲቱ ያደርሱላት ነበር። የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ በአገራችን የውሻ ስም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ለውሻው ሳይሆን ለሰሚው ነው። ጎረቤቲቱም መልእክቱ ደርሷት ውሃውን በሌላ በኩል ካስወጣች ብዙ ዘመን ሆነ፤ እርቅም ወርዶ ቡና መጠራራት ከተጀመረ ቆየ፤ ስሙ ግን በውሻው ላይ ቀረ። ውሻው በእርግጥ ስንት ነገር እንደ ቻለ እኔ የተረዳሁት እጅግ ዘግይቼ፣ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ያውም በሰው አፍ ነው።

የቻለው የእኛን ማዕድ ነው። ቤታችን እማሆይ እስካሉበት ድረስ ሥርዓተ ጾም የማይጓደልበት ቤት ነው፤ ረቡዕና ዓርቡ፣ ጾመ ነቢያቱና ጾመ ሐዋርያቱ፣ ፍልሰታው፣ ከሁሉም በላይ 55 ቀን የሚቆየው ዓቢይ ጾም ሲደማመር፣ ጥሉላት የማይቀመስበት ዕለት ለእኛ ለምእመናኑ ከ180 ያልፋል፤ እንደ እማሆይ ላሉት ደግሞ እስከ 250 ይደርሳል። መቻል በእነዚህ ሁሉ ቀናት ምን ይበላ እንደ ነበር ማንም ጠይቆን አያውቅም፤ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም። ከትሪው የተረፈው የሽሮ ፍትፍት፣ የምስሩ ወጥ ጠርዝ፣ ሲከፋም በውሃ የራሰ ድርቆሽ በቆርቆሮ ሳህኑ ይገለበጥለታል፤ እሱም ጭራውን እየቆላ ይበላል። ፍስክ ሲገባ ደግሞ አጥንቱ፣ ጅማቱ፣ ጮማውና የዶሮው ቆዳ እንደ መና ይዘንብለታል። እንግዲህ ይህ ፍጥረት፣ ንስሐ የሚያስገባ ኃጢአት ሳይኖርበት፣ የዓመቱን እኩሌታ እንደ ባሕታዊ፣ እኩሌታውን ግብር እንደሚያበላ መስፍን ሆኖ ይኖር ነበር ማለት ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ በእርግጥም በሰሙነ ሕማማት የመቻል ጩኸት ሌባ የሚያባርር ሳይሆን ምሕላ የሚያደርስ ይመስል ነበር።

ነገሩ የተገለጠው በአምናው ፋሲካ ነው። ሌሊት ዶሮ ጮኾ ጾሙን ስንፈታ፣ እያንዳንዳችን ከሌላው ተደብቀን «ምስኪን፣ ከእኛ ጋር ሲጾም ከረመ» እያልን ለመቻል አካፈልነው። እኔ ቅቤ የተንሳፈፈበት የዶሮ ቆዳ፣ ባለቤቴ ቅልጥም ከነመቅኑ፣ ሁለቱ ልጆቼ ከትሪው ላይ እፍኝ እፍኝ፣ ዘበኛችን ከበጉ ላት የተቆረጠ ጮማ፣ ከእርድ ጀምሮ እስከ ማግሥቱ ድረስ ፊታቸውን ከሥጋ የሚያዞሩት እማሆይ እንኳ በቅቤ የራሰ ድፎ ዳቦ ሰጡት። ሁላችንም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ሰጠነው፤ እሱ ግን ስድስት ጊዜ ተቀበለ። በማግሥቱ፣ በማዕዶት ዕለት ጠዋት፣ መቻል ወገቡን አጉብጦ፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ አንገቱን እንደ ሰጋጅ መሬት ላይ ደፍቶ፣ የፋሲካን በረከት በሙሉ በጽጌረዳዬ ሥር እየመለሰ ተገኘ።

ወጣቷ የእንስሳት ሐኪም ሆዱን በጣቶቿ ዳብሳ፣ ደሙንም አስመርምራ «ቆሽቱ ነው» አለችኝ። እኔ በዚህ አገር ተወልጄ በዚህ አገር የሸበትሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ ቆሽት የሚያርረው በክፉ ጎረቤት፣ በማይሰማ ልጅና በመሥሪያ ቤት አለቃ ምክንያት ብቻ ስለሚመስለኝ፣ «ምን አናደደው?» ብዬ ልጠይቃት ምንም አልቀረኝም። ለካስ ቆሽት ስብ የሚፈጭ ቅመም እያመነጨ ወደ አንጀት የሚልክ ብልት ኖሯል፤ ብዙ ጮማ በአንድ ጊዜ ሲወርድበት ግን ቅመሙ መንገዱን ሳይጀምር እዚያው ከተፈጠረበት ሥራውን ይጀምርና የገዛ ቤቱን ማቃጠል ይይዛል። አባቶቻችን ለብስጭት ምሳሌ አድርገው የተናገሩት ማረር በውሻችን ሆድ ውስጥ ቃል በቃል ተፈጽሞ ሳይ፣ በአንድ በኩል ስለ ቋንቋችን ጥልቀት ኮራሁ፤ በሌላ በኩል ስለ ሂሳቡ ደረሰኝ የእኔም ቆሽት መሞቅ ጀመረ።

«ለመሆኑ ምን ይመገባል?» አለችኝ።

«ያው እኛ የምንበላውን ነዋ! ከእኛ አናሳንሰውም» አልሁ፣ እንደሚመሰገን ሰው ደረቴን ነፋ አድርጌ።

«እርስዎ በሚበሉት ውስጥ ሽንኩርት ይገባል?»

ይህን ጥያቄ የአገሬን ወጥ ለቀመሰ ሰው ማቅረብ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ ዕጣን ይጤሳል ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ወጣቷ ሐኪም ግን አልሳቀችም። ቀዩም ሆነ ነጩ፣ ጥሬውም ሆነ የበሰለው፣ ሽንኩርት በውሻ ሰውነት ውስጥ ቀዮቹን የደም ሕዋሳት የሚያፈራርስ ነገር እንዳለበት፣ እሳትም ይህን ጠባዩን እንደማያስለቅቀው አስረዳችኝ። ለእያንዳንዱ የውሻ ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም የሚሆን ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ ይበቃል፤ መቻል 20 ኪሎ ይመዝናልና ከ300 ግራም ጀምሮ ያሰጋዋል። በጥቂት በጥቂቱ ዕለት ዕለት የሚሰጠውም ቢሆን ከጉዳት አያድንም። እኔም በዚያች ሰዓት እማሆይ ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ዐይናቸው እንባ እንዳቀረረ፣ በልቡናዬ ታየኝ። ሽሮው በሽንኩርት፣ ምስሩ በሽንኩርት፣ ጎመኑ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት፤ የጾሙም የፍስኩም መሠረት አንድ ሆኖ፣ ለካስ ይህን ውሻ በአክብሮትና በፍቅር አምስት ዓመት ሙሉ ስንመርዘው ኖረናል።

ለእማሆይ ብነግራቸው «እኔስ ሰባ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ስበላ ምን ሆንሁ?» አሉኝ። የሰውና የውሻ ደም አንድ አይደለም ብዬ ላስረዳ ብሞክር «ታዲያ እሱስ እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» አሉ። ሐኪሟ የድዱን መገርጣት ገልጣ እንዳሳየችኝ ስነግራቸው ግን ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተውም ብድግ ብለው ወደ ግቢ ወጡ፤ በመስኮት ሳይ፣ በአንድ እጃቸው መቍጠሪያቸውን ይዘው፣ በሌላው የመቻልን ከንፈር ገለጥ አድርገው ድዱን ሲመለከቱ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ቤት ሽንኩርት ለውሻ የሰጠ ሰው ፍዳውን ያያል።

ሐኪሟ የጻፈችው የክልከላ ወረቀት ረዥም ነበር። ወይንና ዘቢብ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ቸኮላት ልቡን ያናውጠዋል፤ አልኮል ያለበት የጠላ አተላ አይቀርብለትም። እማሆይ ከዘቢቡ ላይ ሲደርሱ ንባቡን አስቁመው «ከዘቢብ የሚጠመቀው ለመሥዋዕት ነው፤ ለውሻ የሚሰጥ የትኛው አረመኔ ነው?» ብለው ይህንን ክልከላ ከቀኖና ቆጥረው ያለ ክርክር አጸደቁት። በአጥንቱ ላይ ግን ዘበኛችን ይግባኝ አለ። ውሻና አጥንት በእግዚአብሔር የተጋቡ ናቸው፣ የሚለያያቸው ማን ነው የሚል ነው የእሱ ሃይማኖት። የበሰለ አጥንት፣ ይልቁንም የዶሮ፣ ሲሰበር እንደ ብርጭቆ እየሾለ ጉሮሮና አንጀት እንደሚበሳ ብነግረው፣ በተወለደበት አገር አጥንት ያልበላ ውሻ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። በተወለደበት አገር አጥንት በልተው የሞቱትን ውሾች የቆጠረ ሰው እንዳለ ብጠይቀው ግን ዱላውን ይዞ ወደ በሩ ሄደ።

መከልከል ቀላል ነው፤ ይብላ የሚባለውን መወሰን ነው የሚያደክመው። እኔ በመጀመሪያ የመሰለኝ ውሻ የተኩላ ዘር ነውና ሥጋ ብቻ ከሰጠሁት ሕገ ተፈጥሮን ፈጸምሁ ማለት ነው የሚል ነበር። ተሳስቼ ኖሯል፤ ተኩላው ከሰው ደጃፍ ከተጠጋ ወዲህ ሆዱ ተለውጧል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 የስዊድን ሊቃውንት ባወጡት ጥናት፣ ስታርችን የሚፈጨውን ቅመም የሚያሠራው ጂን በተኩላ ዘንድ 2 ቅጂ ብቻ ሲኖረው፣ በውሻ ዘንድ ከ4 እስከ 30 ቅጂ ተገኝቶለታል። ከገበሬው ቆሻሻ መጣያ ሲለቃቅም የኖረ ፍጥረት፣ የገበሬውን ቡኮ መፍጨት ተማረ ማለት ነው። ስለዚህ እንጀራው በራሱ በደል የለበትም፤ በደሉ በላዩ ላይ የሚፈስሰው ነው። ይህን ለእማሆይ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ጤፍ በነጻ እንደሚለቀቅ ተጠራጥረው አያውቁም ነበርና።

ሥጋ ብቻውን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ፎስፎረስ ይበዛበታል፣ ካልሲየም ግን እጅግ ያንሰዋል፤ ለውሻ የሚስማማው ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ ጋር ቢያንስ እኩል፣ ቢበዛም እጥፍ ሲሆን ነው። ይህ ሚዛን ሲጓደል ሰውነት ከገዛ አጥንቱ እየተበደረ ይከፍላል፤ ንጹሕ ሥጋ ብቻ የሚቀለብ ቡችላም፣ ባለቤቱ እንዳከበረው እየመሰለው፣ እግሮቹ እንደ ቀስት ይጎብጣሉ። ጉበትም ቢሆን በልክ ነው፤ ቫይታሚን ኤ የሚከማችበት ብልት በመሆኑ ሲበዛ መልሶ አጥንትን ያበላሻል። ታዲያ አጥንት ተከልክሎ ካልሲየሙ ከወዴት ይመጣል ብንል፣ ከእንቁላል ቅርፊት ሆነ። እማሆይ የዶሮዎቻቸውን ቅርፊት እያጠቡ በፀሐይ አድርቀው፣ በምጣድ ሞቅ አድርገው፣ በዘነዘና እስኪልም ይወቅጡ ጀመር። አንድ ቀን የቀድሞዋ ባላንጣ ጎረቤታችን ለቡና ስትመጣ እማሆይን ነጭ ዱቄት በብልቃጥ እየለኩ በከንፈራቸው ሲቆጥሩ አገኘቻቸው። እማሆይ የሚቆጥሩት የማንኪያውን ብዛት ነው፤ ጎረቤቲቱ የገመተችውን ግን ለመናገር እደፍራለሁ ብዬ አላስብም። ቡናዋን ሳትጨርስ ሄደች፤ በሳምንቱ ሌላ የውሃ መውረጃ በፈቃዷ አሠራች።

በመደብር የሚሸጠውንስ አልሞከርህም ወይ የሚል አይጠፋም። ሞክሬአለሁ፤ ዋጋውን ጠይቄአለሁ። የዚህን ነገር ታሪክ ሳነብ ያገኘሁት ሰው ጄምስ ስፕራት የሚባል የኦሃዮ ተወላጅ አሜሪካዊ ነው፤ የመብረቅ መከላከያ ሊሸጥ ወደ ለንደን ተሻግሮ ሳለ፣ በ1860 ገደማ በፈረንጅ አቆጣጠር ከስንዴ፣ ከአትክልትና ከሥጋ የተጋገረ የውሻ ብስኩት መሸጥ ጀመረ። ከመብረቅ ወደ ውሻ ሆድ መዞሩ በእውነቱ የሚያስደንቅ የንግድ ብልሃት ነው፤ በእሱ ድርጅት ያገለግል የነበረው ቻርልስ ክራፍትም በ1891 በስሙ የሚጠራውን ታላቅ የውሾች ትርኢት አቋቋመ። በከረጢቱ ላይ «የተሟላ» የሚለው ቃል ያለበት ምግብ ሌላ ማሟያ አያስፈልገውም፤ ይህንን አልክድም። ግን የከረጢቱ ዋጋ ከሐኪሟ ደረሰኝ ጋር ሲደመር፣ የተሟላው ለውሻው እንጂ ለእኔ አልሆነም። ስለዚህ ከሐኪሟ ጋር ተመካክረን በቤት የሚበስል ሥርዓት አወጣን፤ ከሥጋ ቤት የተገዛ ቅንጥብጣቢ ስቡ ተገፎ ይቀቀላል፣ እንቁላል ይጨመራል፣ ሩዝ ወይም እንጀራ፣ ዱባና ካሮት፣ የቅርፊቱ ዱቄት በልክ፣ በየጊዜውም ሐኪሟ የምታዝዘው የቫይታሚን ማሟያ ይገባበታል። ጨው የለም፤ በርበሬ የለም፤ ሽንኩርት፣ እንደተባለው፣ ውጉዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስቸገረን ልኩ ነበር። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን የሚበቃው ወደ 1,000 ካሎሪ ነው፤ ከዚህም ውስጥ በቅምሻ መልክ የሚሰጠው ከዐሥር አንድ እጅ፣ ማለት ከ100 ካሎሪ፣ ማለፍ የለበትም። ይህ ሕግ የወጣው ጉርሻ በማይታወቅበት አገር እንደ ሆነ ግልጽ ነው። በእኛ ዘንድ አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ የሚወድ ሰው ሁለት ይደግማል፣ የሚያከብር ሰው ሦስት። ይህንንም ሥርዓት ከማንም አስቀድሞ ያወቀው መቻል ነው። ከማዕዱ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ ከጌቶቿ ገበታ የወደቀውን ፍርፋሪ ተስፋ አድርጋ ስለ ልጇ እንደ ለመነችው ከነናዊት ሴት በትሕትና ሲመለከት፣ ልቡ የማይሰበር ክርስቲያን የለም። በወረቀት ብጽፈው፣ በኩሽና በር ብለጥፈው፣ ልጆቹን ብቆጣ፣ የሚመለስ ጠፋ። በመጨረሻ ያገኘሁት መላ የቀኑን ድርሻ ማለዳ መዝኖ ከሰሃኑ ላይ የቅምሻውን እፍኝ በትንሽ ጣሳ መለየት ሆነ፤ ማጉረስ ያማረው ሰው ከጣሳው ያጎርሳል፣ ጣሳው ባዶ ከሆነ እጁን ይሰበስባል። ዘበኛችን ጣሳዋን «ሙዳየ ምጽዋት» አላት፤ ስሟ ጸና።

ወፍራም መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅም ዐይን አይታመንም፤ እጅ ነው። ጎኑን ሲዳስሱት የጎድን አጥንቶቹ በስስ መሸፈኛ ሥር ያለ ድካም ሊቆጠሩ ይገባል፤ ከላይ ሲያዩትም ወገቡ ገባ ማለት አለበት። ለእኛ ይህ መልክ የድኻ ቤት ውሻ መልክ ነው። መቻል ሦስት ኪሎ ቀንሶ ወገብ ባወጣ ጊዜ፣ የሠፈሩ ሰው «ምነው፣ ቤት ውስጥ ችግር ገባ እንዴ?» እያለ በዘዴ ይጠይቀን ነበር።

ዘንድሮ ዓቢይ ጾም ሲገባ ታላቁ ፈተና መጣ። እማሆይ በሁዳዴ ሥጋ በዚህ ኩሽና አይቀቀልም አሉ። እኔም የነፍስ አባታችንን ለቡና ጠርቼ ነገሩን ለፍርድ አቀረብሁ። እማሆይ የዋዛ ተሟጋች አይደሉም፤ ትንቢተ ዮናስን ጠቅሰው፣ የነነዌ ንጉሥ ባወጀው አዋጅ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ እንስሳትም ከመብልና ከውሃ መከልከላቸውን አስታወሱ። አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውረው ብዙ አሰቡ።

«እማሆይ፣ የነነዌ ከብት የጾመው ስንት ቀን ነው?»

«ሦስት።»

«ለመቻልስ የፈረዱበት?»

እማሆይ መልስ አልሰጡም። አባም ቡናቸውን ፉት ብለው «ያ ደግሞ በንጉሥ አዋጅ ነው፤ ይኸኛው ግን ያለ አዋጅ አምስት ዓመት ጹሟል። ቀሪውን ዕድሜውን ቢፈስክ ዕዳ ያለበት አይመስለኝም» አሉ። በዚህ ፍርድ መሠረት አዲስ ድስት ተገዛ፤ ከጾም ዕቃ እንዳይቀላቀል እጀታው ላይ ቀይ ክር ታሰረበት፣ በጓሮም ለብቻው ጉልቻ ተተከለለት። እማሆይ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ መዝሙረ ዳዊታቸውን እየደገሙ፣ የውሻውን ሥጋ 55 ቀን ሙሉ አማሰሉ። ሳይቀምሱ ማብሰል ለጿሚ ሴት አዲስ አይደለም፤ ጨው የሌለው ነገር ደግሞ የሚቀመስበት ምክንያት የለውም። እኔ ግን በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ስመለስ፣ ባዶ ሆዴን ይዤ፣ በዚያ ድስት አጠገብ ማለፍ ያልተጻፈ ገድል ሆኖብኝ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። በዋዜማው በጉ ሲታረድ ከዘበኛው አጠገብ የቆምሁት ለሆድ ዕቃው ዘብ ልሆን ነው። በሳንባና በጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ሲገኝ «ለውሻ ጣሉት» ይባላል፤ ክፉው ነገር ግን እዚያው ነው። ውስጡ ያለው የትል ዘር በውሻው አንጀት ገብቶ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝም ትል ይሆናል፤ ውሻውን ብዙም አይጎዳውም፣ እንቁላሉ ግን ከውሻው ወጥቶ በሰው እጅና ምግብ በኩል ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ ውሃ ይቋጥራል። ዘንድሮ እንደዚያ ያለ ሳንባ ተገኘ፤ ጉድጓድ አስቆፍሬ ውሻ በማይጭረው ጥልቀት አስቀበርሁት። ዘበኛችን አፈሩን ሲመልስ እንደ ዘመድ ቀባሪ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ሁላችን ተልባችንን ጠጣን፤ ከዚያም ወደ ዶሮው ዞርን። መቻል ከተኛበት ራሱን ቀና አድርጎ አሸተተና፣ ሥጋ ከትናንት ወዲያም እንደ በላ ሰው ሆኖ መልሶ ተኛ። እኔ ግን 55 ቀን ሙሉ በዚያ ድስት አጠገብ ያለፍሁበትን ቂም ሁሉ በአንድ ሌሊት ተወጣሁ፤ ቆዳው፣ ቅቤው፣ ጮማው፣ ሁለተኛው እንቁላል፣ ከዚያም በላዩ ጠጅ።

በማዕዶት ጠዋት ወገቤን አጉብጬ ከሶፋው ላይ ተገኘሁ። ባለቤቴ ሐኪም ልጥራ አለች፤ የትኛውን እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም። እማሆይ ወደ ጓሮ ወጡና በጐድጓዳ ሳህን አንድ ነገር ይዘው ተመለሱ፤ ነጭ ሩዝ፣ ስቡ የተገፈፈ ቅቅል ሥጋ፣ ዱባ፣ ካሮት።

«ብላ» አሉኝ፤ «ሽንኩርት የለበትም፣ ቅቤ የለበትም። በሐኪም ትእዛዝ የተሠራ ነው።»

ጨው ይጎድለዋል እንጂ ክፉ አልነበረም። በሦስተኛው ማንኪያ አንድ ነገር በጥርሴ መካከል ደቀቀ።

«እማሆይ፣ ቅርፊቱንም ጨምረውበታል?»

«ለአጥንትህ ነው» አሉና መቍጠሪያቸውን አነሡ።

መቻል ከሶፋው ሥር መጥቶ ቁጭ አለ፤ ጆሮውን ጥሎ፣ ከሳህኑ ወደ አፌ፣ ከአፌም ወደ ሳህኑ እያየ፣ ከድርሻው የሚጎድልበትን በማንኪያ በማንኪያ ይቆጥር ጀመር።